የጉሊቨርን ስም በእንግሊዝኛ ጽሑፍ በትክክል ለመጠቀም

እ.ኤ.አ. በ1726 ለንደን ላይ የታተመው የጆናታን ስዊፍት ስላቅ ተጓዡን ጉሊቨርን ከነጎበኛቸው አገሮች ለዕለት እንግሊዝኛ አውርሷል። መጽሐፉን ገልጠው የማያውቁም ስሙን ይጠሩታል፤ ስሕተቱም የሚመጣው ከዚያው ነው።

መጀመሪያ፣ ሰውዬውን የሚያየው ማን እንደሆነ ይወስኑ። ጉሊቨር በተፈጥሮው ግዙፍ አይደለም፤ ቁመቱ እንደማንኛውም ሰው የሆነ የመርከብ ሐኪም ነው። ቁመታቸው ስድስት ኢንች በማይሞላው በሊሊፑት ሰዎች ዘንድ ተራራ ያክላል። በብሮብዲንግናግ ግን ሁሉም ነገር 12 እጥፍ ስለሚገዝፍ፣ እሱ የገበሬ ልጅ መጫወቻ ይሆናል። ስለዚህ አንድን ድርጅት «ጉሊቨር ነው» ብሎ ማለፍ ምንም አይነግርም። ገመዶቹን አብረው ያስገቡ። መርከቡ ተሰባብሮ ባሕር ዳር እንቅልፍ የወሰደው ሰው ሲነቃ በቀጫጭን ገመዶች ተተብትቦ ራሱን ያገኛል፤ የፖለቲካ ጸሐፊዎች የሚወዱትም ይህንኑ፣ ኃያሉ በብዙ ጥቃቅን ነገሮች የታሰረበትን ሥዕል ነው። አሳሪዎቹን መጥቀስ ካልቻሉ ስሙን ትተው «ግዙፍ» ይበሉ፤ ይበቃል።

«ሊሊፑሺያን» የሚለው ቅጽል ትንሽነትን ብቻ ሳይሆን ንቀትንም ሊያዝል ይችላል፤ በዚያች አገር ሹመት የሚገኘው በገመድ ላይ በመጨፈር ነውና። ለጥቃቅን ሹመኞች ሽኩቻ ግሩም ነው፤ ቁመተ አጭር ሰውን ለመግለጽ ግን ስድብ ይሆናል። ሲጽፉት «ኤል» ሦስት ጊዜ እንደሚገባ አይርሱ። ብሮብዲንግናግ ላይ ደግሞ «ቢ»፣ «ኤን» እና «ጂ» ሁለት ሁለት ጊዜ ይገባሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘለለው ከመካከለኛው «ጂ» በፊት ያለው «ኤን» ነው። «ብሮብዲንግናጊያን»፣ ማለትም እጅግ ግዙፍ፣ የሚለው ቅጽል ከባድና አስቂኝ ስለሆነ በአንድ ጽሑፍ ከአንድ ጊዜ በላይ አይሸከሙትም።

በመጽሐፉ ውስጥ የሰው መልክ ያላቸው አውሬዎች ስም የሆነው «ያሁ» ስድና ባለጌ ሰው ማለት ሲሆን በትንሹ ፊደል ይጀምራል። በትልቁ ከጀመሩት አንባቢ የኢንተርኔቱን ኩባንያ ያስባል።

በሊሊፑት ታሪክ እንቁላል በየት በኩል ይሰበር በሚል የተጣሉት ወገኖች ስም ወደ ኮምፒውተር የገባው የኮምፒውተር ሊቁ ዳኒ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1980 በጻፈው ጽሑፍ ነው። «ቢግ ኤንዲያን» አንድ ቁጥር በኮምፒውተር ሲቀመጥ ከፍተኛ ዋጋ ያለው ባይት (የመረጃ ቁራጭ) ቀድሞ የሚቀመጥበት ሥርዓት ነው። በቴክኒክ ሰነድ ላይ ፌዙ ቀርቷል፤ እንደ ተራ ሙያዊ ቃል ይጻፉት።

«ገለብል»፣ ማለትም በቀላሉ የሚታለል፣ የሚለውን ቃል ግን ከጉሊቨር ጋር አያዛምዱ። ሥሩ የሆነው «ገል» መጽሐፉ ከመታተሙ ከመቶ ዓመት በፊት በሼክስፒር ተውኔቶች ውስጥ ተላላ ሰው ይጠራበት ነበር።