የክት ጫማ ተራራ አያስወጣም፦ ለረጅም የእግር ጉዞ የሚሆኑ ክብደታቸው ቀላል ዕቃዎች ችግርና መፍትሄ

ባሕር ዳር ውስጥ ስለ እግር ጉዞ ዕቃ የሚያማክረኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ ድንኳኑ ይህን ያህል ግራም፣ ቦርሳው ይህን ያህል ግራም። ዕቃው የትና ስንት ዓመት እንደተቀመጠ የሚጠይቅ ግን የለም። ለጥገና ከሚመጣልኝ ውስጥ በብዛት የማየው ደግሞ መንገድ ላይ የተጎዳ ሳይሆን አልጋ ስር ያረጀ ዕቃ ነው። ጥፍር መቁረጥ፣ አዲስ ጫማን ማለማመድና የመሳሰለው የታወቀ ስለሆነ አልፈዋለሁ።

ሶሉ ተነቀለ

ምልክት፦ ጫማው ሲያዩት አዲስ ነው። ቆዳው ያብረቀርቃል፣ የሶሉ ጥርስ አልተበላም። በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን ግን ተረከዙ በኩል ይከፈትና ሶሉ እንደ ውሻ ምላስ ይንጠለጠላል። የግራው ከሄደ የቀኙ ብዙ አይቆይም፤ አብረው ተሠርተው አብረው ያረጁ ናቸውና።

ምክንያት፦ ሁሉም ሰው ማስቲሹን ይረግማል። ማስቲሹ ብዙ ጊዜ ጥፋት የለበትም። በጥርሳሙ ጎማና በቆዳው መካከል እንደ ስፖንጅ ያለ ንጣፍ አለ፤ በከባድ የተራራ ጫማዎች ላይ ይህ ንጣፍ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊዩሪቴን ከሚባል የፕላስቲክ ዓይነት ይሠራል። ፖሊዩሪቴን ሸክም ይችላል፣ ቶሎ አይሟሽሽም። ጠላቱ እርጥበት ነው፤ በአየር ውስጥ ያለው ውሃ ቀስ በቀስ ውስጡን ይበጣጥሰዋል፣ ሙቀት ሲጨመር ደግሞ ይፋጠናል። ጫማው ስላልተለበሰ አይድንም፤ ታፍኖ የተቀመጠው እንዲያውም ይብሳል። በሐምሌና በነሐሴ ግድግዳው ሻጋታ በሚያወጣ የጣና ዳር ቤት ውስጥ፣ በፌስታል ተቋጥሮ ከአልጋ ስር የከረመ ጫማ ምን እንደሚሆን አስቡት።

አንድ ወዳጄ ዘመዱ ከውጭ የላከለትን ጫማ ከነካርቶኑ ሰባት ዓመት አስቀምጦታል። ለክት መሆኑ ነው። ለሙከራ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ አብረን ወጣን፤ ዓባይን ቁልቁል የምናይበት ቦታ ሳንደርስ ሁለቱም ሶሎች ቀሩ። እሱ ቢያንስ ከቤቱ ቅርብ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ስሜን ተራሮች ውስጥ ከግጭ ወደ ጨነቅ ስንሄድ፣ ከልባሽ ተራ ጫማ ገዝቶ የመጣ ጓደኛችን እሜት ጎጎ የሚባለው ጫፍ አጠገብ ሶሉ ሄደበት። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 3,900 ሜትር ያህል ነው፤ ጫማ ሰፊ አይጠራበትም። በገመድ አሰርንለት፣ ገመዱን ድንጋዩ በላው። በመጨረሻ በቅሎ ነጂው ትርፍ ኮንጎ ጫማውን አበደረውና ቀሪውን መንገድ በዚያ ጨረሰ። ኮንጎው ከዚያ ሁሉ ቆዳና ብረት ይልቅ ቀላል ነበር፤ በቅሎ ነጂው እስከ ደባርቅ ሲስቅብን ሄደ።

መፍትሄ፦ የተነቀለውን ቦታ በጣታችሁ እሹት። ስፖንጁ ጠንካራ ከሆነና የለቀቀው ማስቲሹ ብቻ ከሆነ ይጠገናል። አሮጌውን ማስቲሽ በብርጭቆ ወረቀት እስኪነሳ ፈትጉት፤ አዲሱን በሁለቱም ገጽ ላይ በስሱ ቀቡ፤ ጣት ሲነካው የማይጣበቅ እስኪሆን ጠብቁና አጋጥማችሁ በመዶሻ ቀጥቅጡት። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ማስቲሹ እርጥብ እያለ ያጣብቀዋል። ከዚያ ጫማ ሰፊው ዙሪያውን በወፍራም ክር ይስፋው፣ አንድ ቀን ይደር። ሱፐር ግሉን አትሞክሩ፤ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፣ ሶል ደግሞ የሚታጠፍ ነገር ነው።

ስፖንጁ እንደ ደረቀ ዳቦ ከተፈረፈረ ግን ምንም ማስቲሽ አይዘውም። በአሸዋ ላይ እንደመለጠፍ ነው። ሙሉ ሶሉን የሚቀይር ባለሙያ ካላገኛችሁ ጣሉት። "አንድ ጉዞ ብቻ ያድርሰኝ" የሚል ሰው ሲመጣ ሥራውን አልቀበልም፤ የሚያደርሰው ግማሽ መንገድ ነው። መንገድ ላይ ከደረሰባችሁ ከገመድ ይልቅ ቀጭን ሽቦ ይቆያል፤ ጫፉን ወደ ላይ አጥፉት፣ አለበለዚያ ሱሪ ይቀዳል።

ስትገዙ፦ ስፖንጁን ከጎን በአውራ ጣት በኃይል ጫኑት። ስንጥቅ፣ ዱቄት ወይም የማይመለስ ጉድጓድ ካያችሁ ተዉት። ሻጩ "ኦሪጅናል ነው" ቢል እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ኦሪጅናልም ያረጃል። ለበጋ ጉዞ እኔ የምመርጠው ስፖንጁ ኢቪኤ ከሚባል ሌላ የፕላስቲክ ዓይነት የተሠራ የሩጫ ዓይነት ቀላል ጫማ ነው። ኢቪኤ በእርጥበት አይፈርስም፤ ጉድለቱ ከብዙ መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ መሟሸሹ ነው፣ እሱ ደግሞ ቀድሞ ይታወቃል። ክብደቱንም አስሉት። አንዱ እግር 300 ግራም ሲሆን የከባዱ ቆዳ ጫማ አንድ እግር 700 ግራም ነው እንበል። 20 ኪሎ ሜትር ወደ 25,000 እርምጃ ነው፤ 400 ግራም ትርፍ ሲባዛበት እግራችሁ በቀን መቶ ኩንታል በከንቱ ያነሳል።

አቀማመጥ፦ ታጥቦ፣ በጥላ ደርቆ፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ ይቀመጥ። ፌስታል አይሁን። ውስጡ ከራሰ ጋዜጣ ጠቅጥቁበት። በከሰል አጠገብ አታድርቁ። በከሰል አጠገብ አታድርቁ፤ ሁለቴ የጻፍኩት በየዓመቱ የተጨማደደ ጫማ ስለሚመጣልኝ ነው። ደግሞም በወር ሁለት ጊዜ ልበሱት፣ ገበያም ቢሆን ውጡበት።

ድንኳኑ ያጣብቃል፣ ይሸታል

ያው በሽታ ነው። የድንኳንና የዝናብ ልብስ የውስጥ ቅብ ብዙ ጊዜ ፖሊዩሪቴን ነው፤ እርጥቡን ተጠቅልሎ ከተቀመጠ እንደ ተመጠጠ ከረሜላ ይሆንና የጎመዘዘ ሽታ ያመጣል። በለብታ ውሃና በሳሙና የላላውን ቅብ ፈትጎ ማውጣትና እንደገና መቀባት ይቻላል፤ አድካሚ ነው፣ ውጤቱም አያኮራም። አዲስ የምትገዙ ከሆነ ሲሊኮን የተቀባ ናይለን ምረጡ። እሱ በእርጥበት አይፈርስም፣ ይቀላልም። ስፌቱ ግን ብዙ ጊዜ ሳይደፈን ይሸጣል፤ ሲሊኮን በጣት በስሱ እያሸሻችሁ ድፈኑት። ፕላስተር አይዘውም።

ሐይቁ ዳር አድራችሁ ጠዋት ከጣሪያው ጠብታ ቢወርድባችሁና ሌሊቱን ዝናብ ካልነበረ፣ ድንኳኑ አላፈሰሰም። የራሳችሁ ትንፋሽ ነው። ባለ አንድ ድርብ ቀላል ድንኳን ሁሉ ይህ አለበት። ከውሃው ራቅ፣ ከፍ ብላችሁ ዛፍ ስር ትከሉ፣ ሁለቱንም በር ገርበብ አድርጉ። ይህን ሳይረዳ ደህናውን ድንኳን ሦስት ጊዜ ያስቀባ ሰው አውቃለሁ።

ሌላው ሌላው

ትከሻ የሚያቃጥል ቦርሳ፦ የወገብ ቀበቶው ላልቷል፣ ወይም ጀርባው ላይ የሚደግፍ አጥንት (ፍሬም) የሌለውን ቀላል ቦርሳ ከ10 ኪሎ በላይ ጭናችሁበታል። ውሃ በሊትር አንድ ኪሎ መሆኑን አትርሱ።

በስሊፒንግ ባግ ውስጥ መብረድ፦ ከመሬት ነው የሚበርዳችሁ፤ ምንጣፉን አታሳንሱ። የላባው ስሊፒንግ ባግ ተጨምቆ ከከረመ ደግሞ አይነፋም፤ ቤት ውስጥ ሰፊ ጆንያ ውስጥ ለቀቅ ብሎ ይቀመጥ።

የማይገጥም ዚፕ፦ የተከፈተው ጥርሱ ሳይሆን ተንሸራታቹ ነው፤ ሁለቱን ጎኖች በፒንሳ በትንሹ ጨመቅ አድርጉ። በትንሹ።

የሚተነፍስ ፍራሽ፦ ነፍታችሁ የሳሙና አረፋ ቀቡት፤ አረፋ የሚተፋበትን ቦታ በእስክሪብቶ ክበቡ፣ ሲደርቅ ለጥፉ።