አዲስ አበባ ጡረታ ልትወጡ ነው? መጀመሪያ የሕክምናውን ሒሳብ ሥሩ

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቡና ላይ ከእኛው ሰዎች የምሰማው ሒሳብ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። "ሶሻል ሴኩሪቲዬ፣ የመንግሥት ጡረታዬ፣ ይህን ያህል ነው፣ ቤት አለኝ፣ ሠራተኛ እቀጥራለሁ፣ ጤፉ እንደፈለገ ይወደድ፣ በዶላር ሲመነዘር ምን አላት?" ሒሳቡ ስህተት የለበትም። እንደውም ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀና 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ከሆነ ወዲህ የበለጠ ያጓጓል። አንድ ነገር ብቻ ይጎድለዋል። ሕመም የለበትም።

እኔ ነገሩን ያየሁት በአጎቴ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ 28 ዓመት ታክሲ ነድቶ በ67 ዓመቱ ጠቅልሎ ገባ። ሁለት ዓመት እንደ ልቡ ኖረ። ከዚያ አንድ ሌሊት ደረቱን ወጋው። የወሰዱት የግል ሆስፒታል አልጋ ከመስጠቱ በፊት ዲፖዚት ጠየቀ። ሌሊት ነው፣ ባንክ ዝግ ነው፣ የአሜሪካ ካርዱ ማሽኑ ላይ እምቢ አለ። የጎረቤት ልጅ በስልኩ ከዚያም ከዚህም አሰባስቦ ከፈለለት። ተረፈ፣ ዛሬ እየሳቀ ያወራዋል። ሜዲኬሩስ፣ ያ የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን? "እዚህ ለማይሠራ ነገር ለምን እከፍላለሁ" ብሎ ሲሄድ በየወሩ የሚከፈልበትን ክፍሉን፣ ፓርት ቢን፣ አቋርጦት ነበር።

ስለዚህ ከሜዲኬር እንጀምር።

ሜዲኬር ከአሜሪካ ውጭ ለታከማችሁበት አይከፍልም። ጥቂት የድንበርና የመርከብ ላይ ሁኔታዎች አሉ፣ እነሱ ቦሌን አይመለከቱም። ደረሰኝ ሰብስባችሁ ብትመለሱም ወፍ የለም። ፓርት ኤ፣ ማለትም የሆስፒታል አልጋው፣ 10 ዓመት ታክስ እየከፈላችሁ ከሠራችሁ ወርሃዊ ክፍያ ስለሌለው ዝም ብላችሁ ያዙት። ጥያቄው ፓርት ቢ ነው። የሐኪሙን ክፍያ፣ ሆስፒታል ሳይተኙ የሚወሰድ ኬሞ፣ ተመላልሶ የሚደረግ የኩላሊት እጥበት፣ ይህን ሁሉ የሚይዘው እሱ ነው። በፈረንጆቹ 2025 መደበኛው ክፍያ በወር 185 ዶላር ነበር። በዓመት 2,220፣ ለባልና ሚስት 4,440 ዶላር። የማትጠቀሙበት አገር ተቀምጣችሁ ስትከፍሉት ያማል፣ አልዋሽም።

ካቋረጣችሁት ግን ቅጣት አለው። ሳትይዙት ላለፈ ለእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር 10 በመቶ ይጨመራል፣ ያውም ዕድሜ ልክ። አምስት ዓመት ከቆያችሁ 50 በመቶ ነው፤ በ2025 ዋጋ በየወሩ 92 ዶላር ተኩል ተጨማሪ ማለት ነው። ከገንዘቡ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ጊዜው ነው። ያቋረጠ ሰው እንደገና የሚመዘገበው በየዓመቱ ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 ባለው ጊዜ ሲሆን ሽፋኑ የሚጀምረው ከተመዘገበበት ወር ቀጥሎ ነው። ኤፕሪል ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ካንሰር ቢገኝባችሁና በማግስቱ ብትበሩ፣ ፓርት ቢ የምታገኙት በሚቀጥለው ፌብሩዋሪ ነው።

የኔ ምክር ቀላል ነው። "ከባድ ነገር ቢይዘኝ የት ነው የምታከመው?" ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱ አሜሪካ ከሆነ እያማችሁም ቢሆን ክፈሉ። መልሱ "እዚያው፣ የመጣው ይምጣ" ከሆነ፣ ያም መልስ ነው፣ አቋርጡት። ግን ልጆቻችሁ ይህን መልስ ከእናንተ አፍ ይስሙት። አለዚያ ያን ቀን አልጋችሁ ዙሪያ ቆመው የሚጣሉት እነሱ ናቸው።

ሜዲኬር አድቫንቴጅ፣ ማለትም በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጠውን ሜዲኬር፣ የያዛችሁ ደግሞ ልብ በሉ፤ ከፕላኑ አካባቢ ከስድስት ወር በላይ ከራቃችሁ ትወጣላችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ወደ መደበኛው ሜዲኬር መመለሱ ይሻላል። አንዳንድ የሜዲጋፕ፣ ማለትም የሜዲኬር ማሟያ፣ ፕላኖች ውጭ አገር ለሚያጋጥም ድንገተኛ ሕመም ይከፍላሉ፤ ከ250 ዶላር በኋላ 80 በመቶ፣ በጉዞው የመጀመሪያ 60 ቀን ውስጥ፣ በዕድሜ ልክ እስከ 50,000 ዶላር። ለፋሲካ ደርሶ ለሚመለስ ሰው ጥሩ ነው። ጠቅልሎ ለገባ አይሆንም።

በልጅ ስፖንሰርነት የመጡ፣ ብዙም ያልሠሩ እናትና አባት ያሏችሁ እዚህ ጋ ቆም በሉ። በኤስኤስአይ፣ ማለትም ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋዊ መንግሥት በሚሰጠው ድጎማ፣ የሚኖር ሰው 30 ቀን በተከታታይ ከአሜሪካ ከወጣ ክፍያው ይቆማል። ሜዲኬይድ፣ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠው የጤና መድን፣ የሚያያዘው ከሚኖሩበት ስቴት ጋር ነው። ስንት ዓመት ወረፋ ጠብቀው ያገኙት የአረጋውያን አፓርትመንትም ረጅም ጊዜ ባዶ ከተቀመጠ ይሄዳል። "ስድስት ወር እዚያ፣ ስድስት ወር እዚህ" የሚባለው ኑሮ ለእነሱ አይሠራም። ብዙ ቤተሰብ ይህን የሚያውቀው ከኤርፖርት ከተመለሰ በኋላ ነው።

ወረቀቱን ቶሎ ልለፈው። ግሪን ካርድ ላይ ያላችሁ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ለመቆየት ካሰባችሁ መመለሻ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ እሱም የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ነው። ቢቻል ዜግነቱን ጨርሱና ሂዱ። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት ስለማትፈቅድ ከዚያ በኋላ የምትኖሩት በቢጫ ካርድ፣ በትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ነው። ውጭ ለሚኖር ጡረተኛ ሶሻል ሴኩሪቲ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ "አላችሁ ወይ" የሚል ቅጽ ይልካል፤ ካልተመለሰ ክፍያው ይቆማል። ፖስታችሁን የሚከፍት ሰው ያለበት አድራሻ ይኑራችሁ። ደብዳቤ ከፍሪጅ ላይ የሚከምረውን ልጃችሁን ማለቴ አይደለም።

አሁን ወደ አዲስ አበባ። የሕክምና ዋጋው ሁለት መልክ አለው። ለትንሹ ሕመም ርካሽ ነው፣ እውነትም ያስደስታል። ላቦራቶሪ፣ አልትራሳውንድ፣ ጥርስ፣ የስፔሻሊስት ካርድ ከአሜሪካው ጋር አይወዳደርም። ቀን ጥቁር አንበሳ የሚያስተምረውን ፕሮፌሰር ማታ የግል ክሊኒክ ታገኙታላችሁ፣ ቁጭ ብሎም ያዳምጣችኋል። ትልቁ ሕመም ግን ሌላ ነገር ነው። የካንሰር ጨረር ሕክምና በአገሪቱ ለብዙ ዓመታት ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፣ ወረፋውን የማያውቅ የለም። የኩላሊት ንቅለ ተከላ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 (እንደ ፈረንጆቹ) ተጀምሯል፣ ኩላሊት የሚሰጥ ዘመድ ግን ይዛችሁ መሄድ አለባችሁ። እጥበቱ ብዙ ጊዜ በሳምንት ሦስቴ ነው፣ ዕቃውም በዶላር የሚገባ ነው። ያ ያስደሰተን ምንዛሪ እዚህ ጋ ዞሮ እኛኑ ያገኘናል። ለዚህ ነው አቅም ያለው ሰው ባንኮክ፣ ዴልሂ፣ ኢስታንቡል የሚሄደው።

ስለዚህ ገንዘቡን ለሁለት ክፈሉት። አንዱ በብር፣ አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ፣ ለሌሊት ዲፖዚት የሚሆን፣ ከእናንተ ሌላ አንድ የታመነ ሰው በሞባይል ሊያንቀሳቅሰው የሚችል። የባንካችሁን የቀን ዝውውር ገደብ ዛሬውኑ ጠይቁ። ሌላው በዶላር፣ አሜሪካ፣ ለድንገተኛ የአውሮፕላን ትኬት፣ ያውም ለሁለት ሰው፤ በሽተኛ ብቻውን አይበርም፣ አየር መንገዱም የሐኪም ወረቀት ሳያይ አያሳፍርም። ዓለም አቀፍ የጤና ኢንሹራንስ የምትገዙ ከሆነ ሳትታመሙና ሳታረጁ ግዙት። ብዙዎቹ ከተወሰነ ዕድሜ በላይ አዲስ ሰው አይቀበሉም፣ የቆየ በሽታ ላይም ያንገራግራሉ። አሜሪካን የሚጨምረውና የማይጨምረው ዋጋቸው የሰማይና የምድር ነው። በሽተኛ በአውሮፕላን ማንሳትን ያካትት እንደሆነም በጽሑፍ ይንገሯችሁ።

መድኃኒት። ሐኪማችሁ ጋ ገብታችሁ "አዲስ አበባ በቀላሉ ወደሚገኝ ቀይርልኝ" በሉት። ለደም ግፊት አሜሪካ ሊሲኖፕሪል የሚውጥ ብዙ ነው፣ አገር ቤት የለመደው ኢናላፕሪል ነው። አምሎዲፒንና ሜትፎርሚን ያላችሁ ብዙም አትጨነቁ። የንግድ ስሙን ትታችሁ የመድኃኒቱን ዋና ስም በወረቀት ያዙ፣ ከነማ ወይም ቀይ መስቀል መድኃኒት ቤት ስትሄዱ የሚፈልጉት እሱን ነው። የሦስት ወር ይዛችሁ ውጡ፣ ከነብልቃጡ፣ በእጅ ሻንጣ። "ሰው ሲመጣ ይልኩልኛል" የሚባለው ለቪታሚን ይሆናል። ለኢንሱሊን አይሆንም፤ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፣ መብራትም ይጠፋል።

አንድ የሚረሳ ነገር ደግሞ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ተወልጄባታለሁ ብላችሁ አትከራከሩ፤ ሳንባችሁ ሠላሳ ዓመት ሜዳ ላይ ነው የኖረው። የልብ ድካም ወይም የሳንባ በሽታ ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ ቤት አይግዛ። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ግድም ናት፣ ቢሾፍቱ ከ1,900 ትንሽ ከፍ ትላለች፣ ሁለቱም ለትንፋሽ ይሻላሉ። ቤት ስትመርጡም ጉልበታችሁን አማክሩ። ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ በ66 ዓመት ይወጣል፣ በ76 ዓመት እስር ቤት ይሆናል። የኮሪደር ልማቱ ዋና ዋናውን የእግረኛ መንገድ አስተካክሎታል፣ የሰፈር ውስጡ ኮብልስቶን ግን ዳሌ ይሰብራል።

ከሁሉ የምፈራው ግን አስታማሚን ነው። እዚያ ሆስፒታል ስትተኙ መድኃኒት ፍለጋ የሚሮጠው፣ ምግብ የሚያመጣው፣ ሌሊት አጠገባችሁ ወንበር ላይ የሚያድረው የራሳችሁ ሰው ነው። ማነው? ስሙን ጻፉት። እህታችሁ ከሆነች እሷም 70 ዓመቷ ነው። ልጆቻችሁ አትላንታና ዳላስ ናቸው፣ አማርኛቸውም "ደህና ነኝ" ላይ ይቆማል። ሠራተኛ ይቀጠራል፣ ግን ሠራተኛ በሐኪም ፊት ለእናንተ አትወስንም። እድር ግቡ፣ ጎረቤት አብጁ፣ ለቅሶ ድረሱ። ውክልናውንም ሳትሄዱ አሜሪካ ከሰጣችሁ በኤምባሲው አረጋግጡት፣ አለዚያ እዚያ ከሄደ በኋላ ወረቀት ብቻ ይሆናል።

ባልና ሚስት ከሆናችሁ ደግሞ አንዳችሁ ብትሞቱ የቀረው የት እንደሚኖር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። እሱ አገር ቤት፣ እሷ ከልጅ ልጆቿ ጋር መሆን የሚፈልጉ ስንቶች አሉ፣ ዝም ብለው ቤት ይሠራሉ።

ሳትጠቀልሉ በፊት አንድ ክረምት ኑሩ። ሐምሌና ነሐሴ፣ ዝናቡ፣ ጭቃው፣ መብራት ሲጠፋ። ታኅሣሥ ሄዶ ሠርግ በልቶ የተመለሰ ሰው ምንም አላየም። በዚያ ክረምት ሳትታመሙ አንድ ሆስፒታል ሂዱ፣ ካርድ አውጡ፣ ሙሉ ምርመራ አድርጉ፣ ዲፖዚቱ ስንት እንደሆነ ጠይቁ፣ የቀይ መስቀልን የአምቡላንስ ቁጥር 907 ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።

አጎቴ ጃንዋሪ ላይ ፓርት ቢን እንደገና ያዘ፣ የሁለት ዓመት ቅጣቱን 20 በመቶ እያጉረመረመ ይከፍላል። የዲፖዚቱን ብር ደግሞ ለብቻ ሒሳብ ከፍቶለት ውክልናውን ለዚያ ለጎረቤቱ ልጅ ሰጠው። አክስቴ እስካሁን አልተቀበለችውም።