ትንንሽ ባለቀለም የእሳት እራቶችን በብርሃን ስቦ መለየት

የሚያስፈልገው ነጭ አንሶላ፣ ገመድ፣ መብራት፣ ባለካሬ ወረቀት እና ካሜራ ወይም ስልክ ነው። ጨረቃ የሌለችበት፣ ሞቅ ያለና ነፋስ የማይነፍስበት ምሽት ምረጡ። ነፋስ ካለ ትንንሾቹ ጨርቁ ላይ አያርፉም፤ ደማቅ ጨረቃም የመብራቱን ኃይል ያዳክማል።

አንሶላውን በሁለት ዛፎች መካከል ወጥሩ። የታችኛው ጫፍ ግማሽ ሜትር ያህል መሬት ላይ ይነጠፍ፤ ብዙዎቹ ትንንሾች እዚያው ታች ነው የሚያርፉት። መብራቱን ከጨርቁ ፊት 30 ሴንቲሜትር አርቃችሁ ስቀሉ። አልትራቫዮሌት የተባለውን ለዓይን የማይታይ ጨረር የሚሰጥ አምፑል ከሁሉ የበለጠ ይስባል፤ ቢጫ ብርሃን የሚሰጥ ግን ብዙም አይስብም። አልትራቫዮሌቱን በቀጥታ አትመልከቱ፣ ዓይን ይጎዳል።

ከመሸ በኋላ ለሁለት ሦስት ሰዓት በየጊዜው እየተመላለሳችሁ ተመልከቱ። የጨርቁን ጀርባና ዙሪያውን ያለውን ሣርም አትርሱ።

አሁን ዋናው ሥራ ይጀምራል። መጀመሪያ አንቴናውን፣ ማለትም ራሱ ላይ ያሉትን ሁለት መዳሰሻዎች እዩ፦ የቢራቢሮ አንቴና ጫፉ ያበጠ ሲሆን የእሳት እራት ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ክር የቀጠነ ወይም እንደ ላባ የተበተነ ነው። ቀጥሎ ባለካሬውን ወረቀት አጠገቡ አድርጋችሁ የፊት ክንፉን ከሥሩ እስከ ጫፉ ለኩ፤ ያረፈ የእሳት እራት ክንፉን ስለሚያጥፍ የተዘረጋ ስፋቱን መለካት አይቻልም። ከዚያ ነጠብጣቦቹን በቀለምና በቦታ መዝግቡ። ለምሳሌ በአፍሪካ፣ በደቡብ አውሮፓና በእስያ የሚገኘው ዩቴቴይሳ ፑልኬላ የተባለ የእሳት እራት ክንፉ ሲዘረጋ ከ3 እስከ 4 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ነጣ ባለው የፊት ክንፉ ላይ ቀይና ጥቁር ነጠብጣቦች ተዘርተዋል፤ የኋላ ክንፉ ነጭ ሆኖ ጠርዙ ወጣ ገባ ባለ ጥቁር መስመር የተከበበ ነው። ሲያርፍ ክንፉን ሰውነቱ ላይ ስለሚጠቀልል ቀጭን መስሎ ይታያል፣ የኋላ ክንፉም ይሸፈናል። ይህ ውበት ማስጠንቀቂያም ነው፤ አባጨጓሬው ከሚመገባቸው ዕፅዋት የሚወስደው መርዝ ለአጥቂዎቹ አይጥምም።

በጣት አትያዙት። ቀለሙ ያለው ክንፉን በሸፈኑት ደቃቅ ቅርፊቶች ላይ ነው፤ ሲነኩት እንደ ዱቄት ይረግፋሉ፣ አይተኩምም። አልረጋ ካለ በብርጭቆ ሸፍናችሁ ከሥሩ ወረቀት አስገቡና ማቀዝቀዣ ውስጥ (በረዶ ቤቱ ውስጥ አይደለም) 10 ደቂቃ አቆዩት።

ፎቶውን አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከጎን አንሱ። ፍላሽ በቀጥታ ሲበራ ነጩ ክፍል ይነጣና ነጠብጣቡ ይደበዝዛል፤ ቀጭን ነጭ ወረቀት ብትጋርዱበት ቀለሙ በትክክል ይወጣል።

ሳይነጋ መብራቱን አጥፉ፣ አለዚያ ወፎች ያረፉትን ይለቅማሉ። አንሶላውን ቀስ ብላችሁ ቁጥቋጦ ሥር አራግፉት።