ለቤት የሙዚቃ ሰርቨር ዕቃ ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዘፈን ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ስንገለብጥ ዓመታት አለፉ። አንዱ ጋ ያለው ሌላው ጋ የለም፤ ስልክ ሲጠፋም አብሮ የሚጠፋው ብዙ ነው። ሁሉንም አንድ ኮምፒውተር ላይ ሰብስቦ፣ የቤቱ ሰው በየስልኩና ሳሎን ባለው ስፒከር ከዚያው እንዲያዳምጥ ማድረግ ይቻላል፤ ሰርቨር የምንለው ያንን ኮምፒውተር ነው። ናቪድሮም፣ ጄሊፊን እና ሊሪየን የተባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ይህን ይሠራሉ፤ ዘፈኑ የሚመጣው ከቤት ስለሆነ ፓኬጅ አይበሉም። ሰው በብዛት የሚሳሳተው ዕቃው ላይ ነው።

ፕሮሰሰር ላይ ገንዘብ ማፍሰስ

ሙዚቃ ለኮምፒውተር ቀላል ሥራ ነው። የሲዲ ጥራት ያለው ድምፅ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ብቻ ነው። ከሲዲ የላቀው፣ 24 ቢት፣ 192 ኪሎኸርዝ የሚባለው ጥራት እንኳ ሳይጨመቅ ከ9.2 ሜጋቢት ብዙም አያልፍም። የአሥር ዓመት ላፕቶፕ በ4 ጊጋባይት ራም ይህን ያለ ችግር ያስተላልፋል። «ኮር አይ ሰቨን ካልሆነ አይሆንም» ቢሉዎት አይቀበሉ።

ይልቅስ ስንት ዋት እንደሚወስድ ይጠይቁ፤ ሌት ተቀን የሚበራ ዕቃ ነውና። 60 ዋት የሚወስድ ዴስክቶፕ ዓመቱን ሙሉ ሲበራ 525 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይቆጥራል፣ 5 ዋት የሚወስድ ትንሽ ማሽን ግን 44 ያህል ነው። የትልቁ ማራገቢያም ይጮኻል። በገና ሲደረደር ከጀርባው የሚያጉረመርም ፋን ካለ የስፒከሩ ጥራት ምን ይጠቅማል?

መብራት እንደሚጠፋ መርሳት

ራስፕቤሪ ፓይ የተባለችውን መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር ብዙ ሰው ይመክራል፤ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ሲስተሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው ሚሞሪ ካርድ ላይ ነው፤ ካርዱ ላይ እየተጻፈ ሳለ መብራት ድርግም ካለ ፋይሉ ሊበላሽ፣ ማሽኑም ከዚያ በኋላ አልነሳም ሊል ይችላል። በእኔ ቤት በአንድ ክረምት ሁለት ጊዜ እንዲህ ሆኖ ሁሉንም እንደ አዲስ ጭኛለሁ።

ስለዚህ መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ለሚኖር ሰው የምመክረው ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። ባትሪው ግማሽ ሰዓት ብቻ ቢይዝም ከነዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ ኃይል ከሚሰጠው ዕቃ ጋር) ገዙት ማለት ነው። ኪቦርዱ ቢበላሽ ወይም ስክሪኑ ቢሰነጠቅ ለዚህ ሥራ ምንም አይደለም፤ እንዲያውም ዋጋው ይቀንስልዎታል። ሆዱን ግን ገልብጠው ይዩት። ባትሪው ካበጠ አይግዙት፤ ሌት ተቀን ተሰክቶ የሚውል ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ራውተሩንም አይርሱ፤ እሱ ከጠፋ ላፕቶፑ ቢበራም ዘፈኑ ይቆማል። ለራውተር የሚሆኑ ትንንሽ ዩፒኤሶች አሉ፤ ሲገዙ ቮልቱ ከራውተሩ አዳፕተር ጋር አንድ መሆኑን ያንብቡ።

ፓይ ከመረጡ ደግሞ በስልክ ቻርጀር አያስነሱት። ፓይ 4 ባለ 5 ቮልት፣ 3 አምፔር ይፈልጋል። የዩኤስቢ ቀዳዳዎቹም ተደምረው 1.2 አምፔር ብቻ ስለሚሰጡ፣ የራሱ ኃይል የሌለው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ሲነሳ ሊያቅተው ይችላል።

ርካሽ «1 ቴራባይት» ፍላሽ ማመን

ኮምፒውተሩ ላይ 1 ቴራባይት ብሎ ይታያል፣ ውስጡ ያለው ግን 32 ጊጋባይት ሊሆን ይችላል። ሲገለብጡ አይከለክልም፤ የዘፈኖቹም ስም ይታያል፤ ሲከፍቷቸው ግን ድምፅ የለም። ዋናውን ፋይል ከማጥፋትዎ በፊት ኤፍ3 በተባለው ነፃ ፕሮግራም ሞልተው ይፈትሹት። በእውነተኛ 1 ቴራባይት ዲስክ ላይ፣ አንድ አልበም በፍላክ (ጥራት ሳይቀንስ በሚጨምቀው የፋይል ዓይነት) 300 ሜጋባይት ቢይዝ፣ ከ3,000 በላይ አልበም ይገባል። ያንን ሁሉ በአንድ ዲስክ ብቻ ማስቀመጥ ራሱን የቻለ ስህተት ነው፤ ሁለተኛ ቅጂ ሌላ ቤት ያስቀምጡ።

ሰርቨሩን በዋይፋይ ማገናኘት

ከራውተሩ አጠገብ አስቀምጠው በኬብል ያገናኙት። ዋይፋዩን ለስልኮቹ ይተዉላቸው።

ካሴትን በላፕቶፕ ማይክ ቀዳዳ መቅዳት

ይህኛው ስህተት ከሁሉም ይቆጨኛል። በደርግ ዘመን ሸክላ በካሴት ከተተካ በኋላ የወጡ ብዙ ሥራዎች በሲዲ አልታተሙም፤ ያሉት የወላጆቻችን ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ቴፑን ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቼ የአባቴን ካሴቶች ስቀዳ ሰነበትኩ። በኋላ ሳዳምጥ ግራና ቀኙ አንድ ሆኗል፣ ከበሮው ሲመጣም ድምፁ ይሰነጠቃል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በአብዛኛው ላፕቶፕ ላይ ያለው ነጠላ የኤርፎን ቀዳዳ ድምፅ የሚቀበለው ለስስ የማይክ ድምፅ በተሠራ፣ ግራና ቀኝ በማይለይ (ሞኖ) መግቢያ ነው።

የሚያስፈልገው ስቴሪዮ የላይን መግቢያ (ከቴፕ የሚወጣውን ጠንካራ ድምፅ ግራና ቀኙን ለይቶ የሚቀበል) ያለው የዩኤስቢ ድምፅ ካርድ ነው። ቤሪንገር ዩሲኤ202ን የመሰለ ቀላል ዕቃ ይበቃል፤ ለካሴት 16 ቢት ከበቂ በላይ ነው። መውጫም ስላለው፣ ቅጂው ሲያልቅ ያንኑ ካርድ ሰርቨሩን ከሳሎን አምፕሊፋየር ጋር ለማገናኘት ይጠቀሙበታል። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ለሌለው ፓይ 5 እንደዚህ ያለ ካርድ ጥሩ መፍትሔ ነው።

ከመቅዳትዎ በፊት የቴፑን ሄድ (ካሴቱን የሚያነብበውን ክፍል) በጥጥና በአልኮል ያጽዱ። ከዚያ አንድ ደቂቃ ብቻ ቀድተው በኤርፎን ግራውን ለብቻ፣ ቀኙን ለብቻ ያዳምጡ። ልዩነት ከሰሙ የ90 ደቂቃውን ካሴት ያስገቡ።