ጣና ላይ አሣው አልነካ ሲል፦ ጥፋቱ የዝንቡ ነው ወይስ የክሩ?

ከጎንደር ጎርጎራ ወርዳችሁ፣ በሰው ሠራሽ ዝንብ (መንጠቆ ላይ በፀጉርና በላባ በሚሠራ ማታለያ) ስታጠምዱ ውላችሁ ባዶ እጃችሁን ከተመለሳችሁ፣ ዝንቡን ለመቀየር አትቸኩሉ። መጀመሪያ ጥልቀቱን ቀይሩ። ብዙ ሰው ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሲያፈራርቅ ይውላል። አሣው ግን ከታች ነው።

ጭራሽ የማይነካ ከሆነ፦ ዝንቡ ከአሣው በላይ እያለፈ ነው ማለት ነው። ተንሳፋፊውን ክር ፈትታችሁ የሚሰምጥ ክር እሰሩ። የቱን? ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም። ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። የሚሰምጥ ክር እንደ ፍጥነቱ በ«ታይፕ» ቁጥር ይለያል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ፈጥኖ ይሰምጣል። ስለዚህ በጣም ፈጥኖ የሚሰምጠው ታይፕ 6 ለዳር አይመከርም፤ ድንጋይ ይይዝባችኋል። በእኔ እምነት ታይፕ 3 ይበቃል። በሴኮንድ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚወርድ፣ 3 ሜትር ለመድረስ 40 ሴኮንድ ገደማ ይፈልጋል። ወርውሩና ቁጠሩ። 20 ላይ ሳቡ፣ ቀጥሎ 30 ላይ፣ ቀጥሎ 40 ላይ። የነካበትን ቁጥር ያዙ፤ ከዚያ በኋላ በእሱው ቀጥሉ።

ክሩ ሰምጦም ካልነካ፦ ጫፉ ላይ ያለው ቀጭን ክር ረዝሟል። ዋናው ክር ሲወርድ ዝንቡ ከላይ ይቀራል። ከ1 እስከ 1.5 ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡት።

ነክቶ የሚያመልጥ ከሆነ፦ መንጠቆው ትልቅ ነው ወይም ዶልዱሟል። ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው እንደሚያንስ አትርሱ፤ 12 ቁጥር ከ6 ቁጥር ያንሳል። ለቆሮሶ (ቲላፒያ) 10 ወይም 12 ይሁን፤ አፉ ትንሽ ነው። ነጭ አሣ ከምንላቸው (ባርበስ ከሚባሉት) ውስጥ ትንንሽ አሣ የሚያድኑ ስላሉ፣ ለእነሱ 4 ወይም 6 ቁጥር ላይ ትንሽ አሣ የሚመስል ረዘም ያለ ዝንብ እሰሩ። ስለቱን ጥፍራችሁ ላይ ሞክሩት። ከተንሸራተተ ይሞረድ።

ውሃው ከደፈረሰ፦ አሣው የሚያየው ቅርጹን ነው። ጥቁርና ወፍራም ዝንብ ይሻላል። ጥቁር የፍየል ፀጉር ጥሩ አድርጎ ይሠራዋል።

እንቦጭ ከያዘባችሁ፦ ከባድ (የብረት ዶቃ) ዓይን ያለው፣ ስለቱ ወደ ላይ ዞሮ የሚሄድ ዝንብ ተጠቀሙ።

በክረምት ወንዝ አፍ ላይ አሣው ተሰብስቦ ካያችሁ ግን እባካችሁ አትወርውሩ። ነጭ አሣ ለመራባት እንደ መገጭ ወዳሉ ወንዞች የሚወጣው ያኔ ነው፤ እንቁላሏን ሳትጥል የተያዘች አሣ ዘሯም አብሮ ይጠፋል። እስኪያልፍ ድረስ ከወንዝ አፍ ርቃችሁ ቆሮሶ አጥምዱ።