ወፍራምና ጠባብ ፎንት ለርዕስ ስትጠቀሙ

ፖስተር ላይ ረጅም ርዕስ በትልቁ ማስገባት ከፈለጋችሁ ወፍራምና ጠባብ ፎንት ምረጡ። ቤባስ ኒው፣ ኦስዋልድ፣ ወይም እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው ኢምፓክት ይሆናሉ። ግን እባካችሁ ተራውን ፎንት ከጎን ጨፍልቃችሁ አታጥብቡት! የቆሙት መስመሮች ይቀጥናሉ፣ የተጋደሙት ግን እንዳሉ ይቀራሉ፤ የላቲኑን ኤች ብታዩት መሃሉ ያለው አግዳሚ ከሁለቱ ቋሚዎች ወፍሮ ቁጭ ይላል፣ በጣም ያስጠላል። ከመጀመሪያው ጠባብ ተደርጎ የተሳለውን ተጠቀሙ።

ርዕሱ ሁለት መስመር ሆኖ በትልልቅ የላቲን ፊደላት ብቻ ከተጻፈ የመስመሩን ርቀት ከፊደሉ መጠን ጋር እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ አድርጉት። ወፍራምና ጠባቡን ፎንት ለአንቀጽ ግን በፍጹም አትጠቀሙበት፤ መጠኑ ሲያንስ የፊደላቱ ውስጥ ክፍተት ይደፈናል። ከስር ለሚመጣው ጽሑፍ መደበኛ ስፋት ያለው ፎንት ስጡት። ስትጨርሱ ራቅ ብላችሁ እዩት፤ ፊደላቱ ከተጣበቁባችሁ በመካከላቸው ትንሽ ክፍተት ጨምሩ።