የፓክማን ማሽን ስክሪን ሲጠፋ፦ ቲዩቡን ከመቀየር በፊት

የ1980ዎቹ መጫወቻ ማሽን ምስል ሲያጣ ብዙ ሰው ቲዩቡ (ምስሉን የሚያሳየው የመስታወት ስክሪን) አለቀለት ይላል። ቲዩቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው፤ የደከመው ከሥሩ ያለው ቦርድ ነው። እዚህ የምንይዘው በዘመኑ ካቢኔቶች ውስጥ በብዛት የሚገኘውን ባለ 19 ኢንች ኤሌክትሮሆም ጂ07 ሞኒተር ነው። በሌሎች ሞኒተሮችም አካሄዱ ይኸው ነው፣ ቁጥሮቹ ግን ይለያያሉ።

መጀመሪያ ኤሌክትሪኩ። ሞኒተሩ የሚፈልገው በአይሶሌሽን ትራንስፎርመር በኩል የመጣ 120 ቮልት ነው። እንደ ኢትዮጵያ መስመሩ 220 በሆነበት አገር፣ 220 ተቀብሎ 120 የሚሰጥና ሁለቱ ጥቅሎቹ የማይገናኙ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ገበያ ላይ ያለው ተራ መቀነሻ ብዙውን ጊዜ አንድ ጥቅል ብቻ ነው፤ ቮልቱን ቢቀንስም ከመስመሩ አይለይም። በዚያ ከተሰካ ፊውዙና ዳዮዶቹ ይቃጠላሉ፣ ሻሲውን (ቦርዱ የተገጠመበትን ብረት) የነካ ሰውም መስመሩን እንደነካ ነው።

ማሽኑ ከተነቀለ በኋላም ቲዩቡ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ይዞ ይቆያል። እጀታው በደንብ የተሸፈነ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ውሰዱ፤ ብረቱን በሽቦና በክሊፕ ቲዩቡን በጀርባ ከሚያቅፈው የተጠለፈ ባዶ ሽቦ ጋር አያይዙት። ከሻሲው ጋር አታያይዙት፣ ፍንጣሪው ትራንዚስተሮችን ሊገድል ይችላል። አንድ እጃችሁን ኪስ ከታችሁ የካቻቢቴውን ጫፍ ቲዩቡ ላይ ወፍራሙ ሽቦ ከሚገባበት የጎማ ቆብ ሥር ቀስ አድርጋችሁ አስገቡ፣ መሃል ያለውን ብረት እስኪነካ። “ጧ” ሊል ይችላል፣ ዝምም ሊል ይችላል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ድገሙት፤ መስታወቱ ቻርጁን መልሶ ያጠራቅማል። ቦርዱ ላይ ያለው ትልቁ የፓወር ኮንደንሰርም ከ150 ቮልት በላይ ሊይዝ ስለሚችል፣ በ2 ኪሎ ኦም ባለ 10 ዋት ሬዚስተር አራግፉትና በመልቲሜትር አረጋግጡ።

ምልክቱን ማንበብ ግማሽ ሥራ ነው። ምስሉ ወደ አንድ ደማቅ መስመር ከተሰበሰበ ቨርቲካሉ (ምስሉን ከላይ ወደ ታች የሚዘረጋው ክፍል) ወድቋል። ፓክማን ላይ ቲዩቡ በጎኑ ስለተገጠመ ያ መስመር ቆሞ ነው የሚታየው፤ ይህን የማያውቅ ሰው ሆሪዞንታሉን (ወደ ጎን የሚዘረጋውን ክፍል) ሲበታትን ይውላል። የምስሉ ጠርዝ ከታጠፈ ወይም ከተወላገደ ኮንደንሰሮቹ ደርቀዋል። አንድ ቀለም ከጠፋ የቲዩቡ አንገት ላይ የተሰካውን ትንሽ ቦርድ እዩ፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ በፒኖቹ ዙሪያ እንደ ቀለበት የተሰነጠቀ ሊድ ይገኛል፣ መበየጃ ማስነካትና አዲስ ሊድ መጨመር ይበቃዋል። ፊውዙ በተደጋጋሚ የሚቃጠል ከሆነ የሆሪዞንታል አውትፑት ትራንዚስተሩን አውጡና በኮሌክተርና በኤሚተር መካከል ለኩ፤ ዜሮ አካባቢ ካሳየ ሞቷል። አዲሱን ስትገጥሙ ከሥሩ ያለችውን ኤሌክትሪክ የማታስተላልፍ የማይካ ቅጠል አትርሱ። አዲሱም ወዲያው ከሞተ ፍላይባኩን (ለቲዩቡ ከፍተኛውን ቮልት የሚያመነጨውን ትራንስፎርመር) ጠርጥሩ፤ የጂ07 ፍላይባክ በመሰንጠቅ የታወቀ ነው።

ኤሌክትሮሊቲክ ኮንደንሰሮችን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ቀይሩ፣ ነገር ግን አንድ በአንድ፦ አንዱን አውጡ፣ አዲሱን ግጠሙ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። ማይክሮፋራዱ እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም የበለጠ፣ ሙቀት መቋቋሚያው 105 ዲግሪ ይሁን። ከመጀመራችሁ በፊት ቦርዱን ፎቶ አንሱ። ሲ36 የሚባለው ባለ አራት እግር ኮንደንሰር የደህንነት ክፍል ስለሆነ በተራ ኮንደንሰር አይተካም፤ እሱ ሲበላሽ ከፍተኛው ቮልት ከልኩ አልፎ የቲዩቡን አንገት ሊሰነጥቅ ይችላል።

ከጥገና በኋላ በቀጥታ አትሰኩ። ከትራንስፎርመሩ ቀጥሎ የ100 ዋት አምፖል በተከታታይ አስገቡ። ለቅጽበት በርቶ ከደበዘዘ መልካም ነው፤ እንደደመቀ ከቀረ ሾርት አለ፣ ንቀሉ። ደህና ከሆነ አምፖሉን አውጥታችሁ ቢ ፕላሱን (ቦርዱ ለራሱ የሚያዘጋጀውን ዋና የዲሲ ቮልት) ለኩ፦ 120 ቮልት ዲሲ መሆን አለበት።

ኤልሲዲ መግጠም የመጨረሻ አማራጭ ነው፣ ቲዩቡ ሲሰበር ወይም የፓክማን ግድግዳዎች ማሽኑ ጠፍቶም እስኪታዩ ድረስ ተቃጥለው ሲቀሩ። የጨዋታው ቦርድ የሚያወጣው ሲግናል 15 ኪሎኸርዝ አካባቢ ነው፣ ተራ የኮምፒውተር ሞኒተር ግን ከ31 በታች አብዛኛውን ጊዜ አይቀበልም። ስለዚህ እንደ ጂቢኤስ-8200 ያለ መቀየሪያ ቦርድ በመሃል ይገባል፤ በ5 ቮልት ይሠራል። የጨዋታው ቦርድ ቀለም ግን ከ0.7 ቮልቱ የቪጂኤ ልክ በላይ ስለሚሆን በቦርዱ ላይ ያሉትን ሦስት ማስተካከያዎች መጀመሪያ እስከ ታች አውርዱ፣ ከዚያ ምስሉን እያያችሁ ቀስ በቀስ አንሱ። ሞኒተሩ አይፒኤስ የሚባለው ዓይነት ኤልሲዲ ይሁን፤ ርካሹ ቲኤን የሚባለው ዓይነት በጎኑ ሲቆም ከአንድ ወገን የተቀመጠ ተጫዋች ቀለሙ ተገልብጦ ያየዋል።